ደረጃ የተሰጣቸው አሮጌ ሳንቲሞች በጨረታ ለምን እንዲህ ይወደዳሉ?

መግቢያ

በመጀመሪያ ዓመት ትምህርታችን ዋጋ ማለት አቅርቦትና ፍላጎት የሚገናኙበት ነጥብ ነው ተብለን ተምረናል። ትክክል ነው። ነገር ግን አንዳንድ ገበያዎች አሉ፤ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ይህ ትምህርት የማይሠራባቸው የሚመስሉ። ከእነዚህም አንዱ የአሮጌ ሳንቲሞች የጨረታ ገበያ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም እንደገና በ1921 «ሞርጋን ዶላር» እየተባለ የሚጠራውን የብር ገንዘብ ቀርጻለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ከመቶ ዘጠና እጁ ንጹሕ ብር ነው። በ1884 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተቀረጹ ሁለት ሞርጋን ዶላሮችን ብናቀልጣቸው የሚወጣው ብር እኩል ሊባል የሚችል ነው። ጨረታ ላይ ስናወጣቸው ግን በእጅ ተዟዙሮ ያረጀው ከያዘው ብር ብዙም ባልራቀ ዋጋ ሲሸጥ፣ ምንም ሳይነካ የቆየው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ብረቱ ያው፣ ዓመቱ ያው፣ ማተሚያ ቤቱም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱን ምን አመጣው?

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ «የሀብታም ቅብጠት ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቅብጠት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቷል። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከሥሩ ካየነው፣ እዚህ ገበያ ውስጥ በክፍል የተማርናቸው ሐሳቦች በሙሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህንን ተጨማሪ ዋጋ የሚፈጥሩትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ለማየት እሞክራለሁ። በመጨረሻም ጉዳዩ በእናቶቻችን ሣጥን ውስጥ ካለው ጠገራ ብር ጋር ምን እንደሚያገናኘው አነሳለሁ።

ደረጃ ማለት ምንድን ነው?

የሳንቲም ደረጃ ማለት ሳንቲሙ ከተቀረጸ በኋላ ምን ያህል እንደተጎዳና እንደተጠበቀ የሚናገር ቁጥር ነው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ሲሆን፣ ያመጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ሼልደን በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ሲጽፍ ቁጥሩን ያሰበው ለጥራት ብቻ አልነበረም፤ ለዋጋም ነበር። በሐሳቡ መሠረት በጣም ያረጀው ሳንቲም 1 ዶላር ካወጣ፣ እንከን የሌለው 70 ዶላር ማውጣት አለበት። ማለትም ቁጥሩ ራሱ የዋጋ ማባዣ ነበር።

ይህ ቀጥተኛ ዝምድና ብዙም አልቆየም። መለኪያው በ1970ዎቹ ለሌሎቹም የአሜሪካ ሳንቲሞች ሁሉ መዋል ሲጀምር ቁጥሩ ለጥራት መግለጫነት ቀረ፤ ዋጋው ግን በራሱ መንገድ ሄደ። ከ60 እስከ 70 ያሉት አሥራ አንድ ደረጃዎች በገበያ ላይ ላልዋሉ ሳንቲሞች ብቻ የተያዙ ናቸው። ከ63 ወደ 64 ሲወጣ ዋጋው ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ከ65 ወደ 66፣ ከ66 ወደ 67 ሲሆን ግን አንዳንዴ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም አሥር እጥፍ ይዘላል። የዋጋው መስመር ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዳገት አይደለም፤ ደረጃው እየረዘመ የሚሄድ መሰላል ነው ማለት ይቻላል።

ይህንን ቁጥር የሚሰጡት ደግሞ ሻጩም ገዢውም ያልሆኑ ሦስተኛ ወገኖች ናቸው። ዋናዎቹ በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስ እና በ1987 የተከተለው ኤንጂሲ ናቸው። ሳንቲሙ ሲላክላቸው ከአንድ በላይ ባለሙያዎች የማን እንደሆነ ሳያውቁ ያዩታል፣ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ደረጃ ይሰጡታል፤ ከዚያም ሳይሰበር በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ደረጃው፣ ዓመቱና መለያ ቁጥሩ በላዩ ይለጠፋል።

አንደኛው ምክንያት፡ ጥርጣሬን ማስወገድ

ከ1986 በፊት የነበረውን ገበያ እናስብ። ሻጩ ነጋዴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሳንቲም ሲያገላብጥ የኖረ። ገዢው ደግሞ ምናልባት የጥርስ ሐኪም ወይም አስተማሪ ነው። ሻጩ «ይሄ 65 ነው» ይላል፤ ገዢው በምን ያውቃል? ሲገዛ 65 የነበረው ሳንቲም መልሶ ለመሸጥ ሲሄድ «አይ ይሄማ 63 ነው» ይባላል። ከዚያም በላይ ታጥቦ የተወለወለ፣ ጭረቱ የተደፈነ፣ ወይም ጭራሹኑ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ታዋቂ ጥናት የሚናገረው ስለዚሁ ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ነው። አማካይ ዋጋ ደግሞ የጥሩ ዕቃ ባለቤትን ያስከፋዋል፤ ከገበያ ይወጣል። የሚቀረው መጥፎው ነው። አከርሎፍ ከስፔንስና ከስቲግሊትዝ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

እንግዲህ ደረጃ መዳቢው ድርጅት የሚሸጠው ፕላስቲክ አይደለም፤ መተማመኛ ነው። ድርጅቶቹ ለእውነተኛነቱና ለደረጃው ዋስትና ይሰጣሉ፤ ስህተት ሆኖ ከተገኘም በደንባቸው መሠረት ካሳ ይከፍላሉ። በዚህ ምክንያት ሳንቲሙን በእጁ ይዞ አይቶ የማያውቅ ሰው በሌላ አህጉር ተቀምጦ በስልክ መጫረት ይችላል። የተጫራቹ ቁጥር ይጨምራል፤ ተጫራች ሲጨምር ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ከተጨማሪው ዋጋ የመጀመሪያው ክፍል የጥርጣሬ ቅናሽ መነሳት ነው ማለት ነው። ሳንቲሙ «ተወደደ» ከማለት ይልቅ ያልታሸገው በጥርጣሬ ምክንያት «ረከሰ» ቢባል የበለጠ ያስኬዳል።

በጨረታ ንድፈ ሐሳብም ይህ የታወቀ ነው። ሚልግሮምና ዌበር በ1982 እንዳሳዩት፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ታማኝ መረጃ ለሁሉም ሲገልጽ በአማካይ የሚያገኘው ገቢ ከፍ ይላል። ምክንያቱም ማንኛውም ተጫራች የሚፈራው ነገር አለ፤ «ካሸነፍኩ ምናልባት ከሁሉም አብልጬ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» የሚለው ፍርሃት። ይሄ «የአሸናፊው እርግማን» ይባላል። ታማኝ የሆነ ቁጥር ላይ ተለጥፎ ሲቀርብ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ እጅም ይፈታል።

ሁለተኛው ምክንያት፡ ብርቅነት በደረጃው ልክ

ሁለተኛውን ለመረዳት ሁለት ዓይነት ብርቅነትን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የቁጥር ብርቅነት ነው። ለምሳሌ በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ የተቀረጸው ሞርጋን ዶላር 100,000 ብቻ ነበር፤ ለዚህ ነው ያረጀውም እንኳ ውድ የሆነው። በ2021 ደረጃው 67 የሆነ አንዱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ሁለተኛው ደግሞ የሁኔታ ብርቅነት ነው። መግቢያው ላይ የጠቀስኩት የ1884ቱ ሳን ፍራንሲስኮ ዶላር 3,200,000 ተቀርጿል። ያረጀው እንደ ልብ ይገኛል። ችግሩ በጊዜው ሕዝብ ተገበያይቶበት አለቀ፤ በከረጢት ታስሮ የቀረው ጥቂት ነው። በ1881 እዚያው የተቀረጸው ዶላር ግን ከ12 ሚሊዮን በላይ ሆኖ፣ አብዛኛው በግምጃ ቤት ከረጢት ውስጥ ስለቆየ ዛሬም ያልተነካው በብዛት አለ። ስለዚህ «ስንት ተቀረጸ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጥያቄው «በዚህ ደረጃ ስንት ተረፈ?» ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ1918 የወጣው የፒትማን ሕግ ነው፤ በሕጉ መሠረት ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮች ቀልጠዋል። የትኞቹ ዓመታት እንደቀለጡ የተመዘገበ ነገር የለም።

አቅርቦቱ በትክክል ካልታወቀ ደግሞ ዋጋው በወሬ ይኖራል። በ1903 በኒው ኦርሊየንስ የተቀረጸው ዶላር በ1960ዎቹ መጀመሪያ እጅግ ብርቅ ነው ተብሎ ስለታመነ ያልተነካው በካታሎግ 1,500 ዶላር ተተምኖለት ነበር። በ1962 መጨረሻ ላይ ግን መንግሥት ለዓመታት ታሽገው የነበሩ ከረጢቶችን ሲያወጣ ይኸው ዶላር በገፍ ተገኘ። ዋጋው ወዲያው ወደ ጥቂት አስርት ዶላር ወረደ። ሳንቲሙ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ስለ አቅርቦቱ የሚታወቀው ነገር ነው።

ዛሬ ደረጃ መዳቢዎቹ በየደረጃው ስንት ሳንቲም እንዳዩ የሚገልጽ የቆጠራ ዝርዝር ያወጣሉ። ጨረታ ላይ «ከዚህ የሚበልጥ ደረጃ ያገኘ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዋጋ የሚያንር አስማት ሆኗል። አንዳንዴ ልዩነቱ ከቁጥርም ያነሰ ነገር ነው። በ1945 በፊላደልፊያ የተቀረጸው «ሜርኩሪ» የሚባለው የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ከ159 ሚሊዮን በላይ ነው። በጀርባው በኩል በአንድ ላይ የታሰሩ በትሮች አሉ። ማተሚያው ሲያርፍ መሐል ላይ ያሉት ሁለት ማሰሪያ መስመሮች ሙሉ በሙሉ ተለይተው ከወጡ ሳንቲሙ በሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ ካልተለዩ፣ ደረጃው አንድ ዓይነት ሆኖም ዋጋው በአስርት የሚቆጠር ነው። ይህችን መስመር ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል!

ሦስተኛው ምክንያት፡ ሁለት ሰዎች

እኔን በግሌ በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። በተለመደው እየጨመሩ በሚጫረቱበት ጨረታ ዋጋውን የሚወስነው አሸናፊው አይደለም፤ ሁለተኛው ነው። ይህን ቪክሪ በ1961 በደንብ አብራርቶታል። ምሳሌ ልስጥ፦ ሦስት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ እስከ 900፣ ሁለተኛው እስከ 2,000፣ ሦስተኛው እስከ 10,000 ዶላር ለመክፈል ቆርጠው መጥተዋል። ጨረታው የሚቆመው 10,000 ላይ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው እጁን ሲያወርድ፣ ከ2,000 ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አሁን ሁለተኛው እስከ 9,500 የሚሄድ ቢሆንስ? ዋጋው 9,500 አካባቢ ይሆናል። የሳንቲሙ ብዛት፣ ጥራት፣ የአሸናፊው ሀብት አልተለወጠም፤ አንድ ሰው ብቻ ተለወጠ።

ስለዚህ ከፍተኛ ዋጋ እንዲኖር የሚያስፈልገው ብዙ ሀብታም ሳይሆን ቢያንስ ሁለት እልኸኞች ናቸው። ደረጃ መዳቢዎቹ ይህንን በሚገባ ያውቃሉ። ሰብሳቢዎች ስብስባቸውን አስመዝግበው በነጥብ የሚወዳደሩበት መዝገብ አላቸው፤ ነጥቡ የሚሰላው በደረጃ ቁጥር ነው። አንደኛ ለመሆን 67 አይበቃም፣ ተፎካካሪው 68 ካለው። እንዲህ ያለው ፍላጎት ምን ያህል ሊወስድ እንደሚችል ለማየት የ1963ቱን ባለ አንድ ሳንቲም መዳብ እንይ። ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የተቀረጸው ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ተራው በእጅ የሚሰጥ ነው። ሙሉውን 70 ያገኘ አንድ ሳንቲም ግን በ2001 በጨረታ ከ39 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ገንዘቡ የተከፈለው ለመዳቡ አይደለም፤ ለቁጥሯ ነው።

የዚህ ገበያ ሌላው ገጽታ ቀጭን መሆኑ ነው። በ1794 የተቀረጸ አንድ የአሜሪካ የብር ዶላር በ2013 ጥር ወር 10,016,875 ዶላር አውጥቶ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይኸው ሳንቲም በ2020 እንደገና ለጨረታ ሲቀርብ ሻጩ የወሰነውን ዝቅተኛ ዋጋ የሚደርስ አልተገኘምና ሳይሸጥ ተመለሰ። ሁለተኛው ሰው ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ዋጋ የሳንቲሙ «እውነተኛ ዋጋ» ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህንን ማስታወስ አለበት።

አንድ ቴክኒካዊ ነገርም ልጨምር። በጋዜጣ የምናነበው የጨረታ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ መዶሻው ያረፈበት አይደለም፤ ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው ኮሚሽን ተጨምሮበት ነው። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ከሆነ መዶሻው 1,000 ላይ ቢያርፍ ገዢው 1,200 ይከፍላል። ነገ መልሶ ቢሸጠው ደግሞ 1,200 በእጁ አይገባም። ስለዚህ ብልህ ተጫራች ኮሚሽኑን አስቀድሞ ቀንሶ ነው የሚጫረተው።

ታሪክና መልክ

ቁጥሩ የማይዘው ነገርም አለ። አንዱ የሳንቲሙ ወዘና ነው። ሁለት ሳንቲሞች ሁለቱም 65 ሆነው አንዱ ደብዘዝ ያለ፣ ሌላው በጊዜ ብዛት ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ይዞ የሚያበራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የታወቀ ዋጋውን ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ሌላው ታሪክ ነው፤ ቀድሞ የማን ነበረ የሚለው። ለዚህ የ1933ቱ የሃያ ዶላር ወርቅ ወደር የለውም። 445,500 ተቀርጾ፣ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ ወርቅ ከመገበያያነት ስለተነሳ ሳይሠራጭ ቀለጠ። ጥቂቶች ሾልከው ወጡ፤ መንግሥት እንደ ተሰረቀ ንብረት እየተከታተለ ሰበሰባቸው። በግል እጅ እንዲያዝ በሕግ የተፈቀደለት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቀድሞ የግብፁ ንጉሥ ፋሩክ ስብስብ ውስጥ እንደነበረ ይታመናል። በ2002 በ7.59 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2021 ደግሞ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ደረጃው 65 ነው። ከዚህ የተሻለ ደረጃ ያላቸው የሌላ ዓመት የሃያ ዶላር ወርቆች ሞልተዋል፤ ይህን ወረቀትና ይህን ታሪክ ግን ሌላ የያዘ የለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡና በደረጃ እየተመደበ መሸጥ ሲጀምር፣ ገዢው ሳያይ መግዛት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነበር። የልዩ ቡና ገዢዎች ቅሬታ ደግሞ ቡናው በደረጃ ሲደባለቅ የአምራቹ ማንነት ይጠፋል የሚል ነበር። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በተካሄደው «ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ» ውድድር በጣዕም ነጥብ ተሰጥቶት፣ አምራቹም ታውቆ ለጨረታ የቀረበው አንደኛ የወጣ ቡና አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። ደረጃ ጥርጣሬን ያስወግዳል፤ ታሪክ ደግሞ ዕቃውን ከመሰሎቹ ይለያል። ሁለቱም ዋጋ ያመጣሉ፤ ግን አንድ አይደሉም።

ቁጥሩ የሚያታልልበት ቦታ

እስካሁን ደረጃ ምደባን ሳመሰግን ቆየሁ። አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ፤ በእኔ አመለካከት የጽሑፉ ዋና ነጥብም ይሄ ነው።

ደረጃ የሰው አስተያየት ነው። አንድን ሳንቲም ሁለት ጊዜ ብትልኩት ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1990 በፒሲጂኤስ ላይ ክስ ያቀረበው፣ ምደባው ወጥና ከግል አስተያየት ነጻ እንደሆነ አድርጎ ያስተዋውቃል በሚል ነበር፤ ጉዳዩም በስምምነት አልቋል።

ታዲያ አስተያየቱ ትንሽ ቢለዋወጥ ምን ችግር አለው? ችግሩ ዋጋው በአንድ ቁጥር ሲዘል ነው። በሐሳብ ደረጃ እንዲህ እናስላ። በ64 ደረጃ 500 ዶላር፣ በ65 ደረጃ 2,000 ዶላር የሚያወጣ ሳንቲም አለኝ እንበል። ፕላስቲኩን ሰብሬ እንደገና ብልከው 65 የማግኘት ዕድሌ ከአምስት አንድ ነው፤ የምደባ ክፍያው 50 ዶላር ነው። አማካይ ትርፌ የ1,500 ዶላሩ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 300 ዶላር፣ ሲቀነስ 50፣ እኩል ይሆናል 250 ዶላር። ዝቅ ብሎ 63 የመመለስ ስጋት ቢኖርም ሒሳቡ ማራኪ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች ይሰብራሉ፣ ይልካሉ፤ ደግመው ይሰብራሉ፣ ይልካሉ።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የቆጠራ ዝርዝሩ ይዛባል፤ አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ከተላከና አሮጌው መለያ ወረቀት ካልተመለሰ በዝርዝሩ ላይ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ደረጃ በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ልክ እንደ ዋጋ ግሽበት። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ፣ በ64 ደረጃ ውስጥ ከነበሩት ጠንካራዎቹ ወደ 65 ሲወጡ በ64 መያዣ ውስጥ የሚቀሩት ደካሞቹ ይሆናሉ። በ65 ውስጥም አዲስ የገቡት ከሁሉም ደካሞች ናቸው። አያችሁ? አከርሎፍ ያስጠነቀቀን ችግር በር ተዘግቶበት በመስኮት ተመልሶ ገባ። ቁጥሩ ያው ሆኖ ከቁጥሩ ሥር ያለው ጥራት ተለያየ፤ ገዢውም ለ65 ሁሉ አማካይ ዋጋ መስጠት ጀመረ።

ገበያው ለዚህ የሰጠው መልስ በመዳቢው ላይ ሌላ መዳቢ መጨመር ነው። በ2007 ሲኤሲ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ የታሸጉ ሳንቲሞችን ማየት ጀመረ፤ ለደረጃው ጠንካራ ሆኖ ያገኘውን አረንጓዴ ተለጣፊ ያደርግበታል፤ ከደረጃውም በላይ ነው ብሎ ካመነ ወርቃማ። ፒሲጂኤስ ደግሞ በ2010 በቁጥሮቹ መካከል የመደመር ምልክት ጨመረ። ዛሬ በጨረታ ላይ ተለጣፊ ያለውና የሌለው፣ አንድ ቁጥር ሆነው በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሰንሰለት ማለቂያ የለውም። መረጃ በገንዘብ በሚሸጥበት ገበያ የትናንቱ ማረጋገጫ ነገ ራሱ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

በዚህ ጨዋታ የሚጎዳው ማነው? የሚያውቀው ሰው አይጎዳም፤ እሱ ሳንቲሙን እንጂ ቁጥሩን አይገዛም። የሚጎዳው ቁጥሩን ብቻ አምኖ፣ ከ66 ወደ 67 ያለውን ዝላይ ከፍሎ፣ በደረጃው ደካማ የሆነውን የሚገዛው ነው። ለእሱ ሀብቱ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል፤ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ሊሸጠው ሲሄድ የለም።

ወደ ጠገራ ብር ስንመለስ

በአገራችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የምንለው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ንግሥቲቱ በ1780 ካረፈች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች ተቀርጿል። አባቶቻችን ደግሞ የራሳቸው ደረጃ ምደባ ነበራቸው ብል ማጋነን አይሆንም። የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት የገበያ ሰው ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች ያያል፣ ይቆጥራል፤ ከተፋቀና ካልታየ «ይሄን ውሰደው» ይላል። ጥርጣሬው ያው ነው፤ ፕላስቲኩ ብቻ ነው ያልነበረው።

ዛሬ አልፎ አልፎ «አሮጌ ብር አለሽ? ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ እንሰማለን። ከላይ ያየናቸውን ምክንያቶች በዚህ ብር ላይ እንሞክራቸው። በቁጥር ብርቅ ነው? አይደለም፤ በመቶ ሚሊዮኖች ተቀርጿል። ዓመቱ ይለየዋል? ሁሉም 1780 ነው የሚለው። ስለዚህ አብዛኛው ከያዘው ብር ብዙ አይርቅም። ጥንታዊዎቹን ከኋላ ከተቀረጹት የሚለዩት ባለሙያዎች ናቸው፤ እነሱም የሚያዩት ያንኑ የዕንቁ ቁጥርና የንስሩን ላባ ነው። በአገራችን ብዙው ጠገራ ብር ተበስቶ የአንገት ጌጥ ሆኗል፤ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ ቀልጦም መስቀልና አምባር ሆኗል። የተበሳና የተበየደ ሳንቲም ደግሞ መዳቢዎቹ ቁጥር አይሰጡትም፤ «ጉዳት ያለበት» ብለው ነው የሚያሽጉት። በዳግማዊ ምኒልክ ስም ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተቀረጹት ብሮችም ዕጣቸው ይህንኑ ይመስላል፤ ሳይነካ የቀረው ጥቂት በመሆኑ በጨረታ የሚፈለገውም እሱ ነው።

አንድ ምክር ብቻ ልስጥ፦ በቤታችሁ አሮጌ ሳንቲም ካለ አትወልውሉት። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ሲታሽ የሚያብረቀርቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቅረጫው ይዞት የመጣው ወዘና አብሮ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። መቶ ዓመት የቆየ ዋጋ በአምስት ደቂቃ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ደረጃ የተሰጠው ሳንቲም በጨረታ የሚያወጣው ተጨማሪ ዋጋ አንድ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ አራት ነገሮች ተደራርበው ነው። የጥርጣሬ መወገድ፣ በዚያ ደረጃ የተረፈው ማነስ፣ የሁለት ተጫራቾች እልህ፣ እንዲሁም ቁጥሩ የማይዘው መልክና ታሪክ። የመጀመሪያው ለኅብረተሰቡ እውነተኛ ጥቅም ይሰጣል ብዬ አምናለሁ፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን ያገበያያልና። ሁለተኛው መረጃው እውነት እስከሆነ ድረስ ይቆማል፤ የታሸገ ከረጢት በተከፈተ ቀን ሊፈርስ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሰው ፊቱን ባዞረ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ዕቃ «ይህን ያህል ተሸጠ» ሲባል ልንጠይቅ የሚገባን፣ ከዚህ ዋጋ ውስጥ ስንቱ ከየትኛው ምክንያት መጣ ብለን ነው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ፣ በተለይም በመዳቢ ላይ መዳቢ የመጨመሩ ሰንሰለት አንድ ቦታ ይቆማል ብሎ የሚያምን ካለ፣ በሚቀጥለው እትም መልሱን ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።